ከፈንታ ደጅ የተጠየቀ ነፋስ

አስመራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያቴ ለአያ ሙላት፤

የብርጓል የወለደችኝ እንዳላማው ጉልበትዎን ስሜ እንደምን ባጁ እላለሁ። ዓይንዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም ይልቅ ምላስዎ እንዴት ባጀ? እኔ የድንግል ልጅ ይመስገን በሕይወት አለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ከኮርቻህ ሥር ሁለት ጥይት አገኘን ብለው ከደብረ ማርቆስ ከወሰዱኝ ወዲህ ወሬዬን እንዳልሰማችሁ አውቃለሁ። ባሕር መካከል ካለች አንዲት ደሴት አስረውኝ ነበር። ስለ ደሴቷ ብዙ አልጽፍም፤ ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት የሚያነቡት አሉ። በቀን ለአንድ ሰው አንድ ኩባያ ውሃ እንደሚሰጥ ብቻ ልንገርዎ። ኩባያዋም ትንሽ ናት። ከአገራችን ዐሥራ አንድ ሆነን ገባን፤ እኔ ስወጣ አራት ቀርተው ነበር።

የወጣሁት እንዲህ ነው። ሰኔ ላይ ሲኞር ጋርዜሊ የሚባል የዱቄት ወፍጮ ባለቤት መጥቶ ሞተር የሚያውቅ እስረኛ አለ ወይ ብሎ አስጠየቀ። በደብረ ማርቆስ ሦስት ዓመት የነጋዴ መኪና ረዳት መሆኔን አስቤ እጄን አወጣሁ። ሰውየው መኪና መሽቀዳደም ይወዳል። እንጀራው አይደለም፤ እንደ እኛ አገር ጉግሥ ለጨዋታ ነው። ወፍጮ ባለቤቱ፣ ወይን ሻጩ፣ የጥርስ ሐኪሙ በየመኪናቸው ሆነው የካቲት 19 እሑድ ከባሕሩ ዳር ተነሥተው ዳገቱን እስከ አስመራ ይሽቀዳደማሉ።

የእኛን መኪና ከአሮጌ ታክሲ ነው የሠራናት። ጣሪያዋን ቆረጥን፣ ወንበሯን አወለቅን፣ ሞተሯን አጠነከርን። ችግሯ ሙቀት ነው። ሞተር ሲሠራ ይግላል፤ እንዳይቃጠል ውሃ ይዞርበታል፤ ውሃው ደግሞ ራዲያተር በሚሉት ከፊት ባለ የቀጫጭን ቱቦ ወንፊት ሲያልፍ ነፋስ ያበርደዋል። ነፋሱን የሚስበው ከራዲያተሩ ኋላ የሚሽከረከር ባለ ክንፍ ብረት ነው፤ ቬንትሌተር ይሉታል። ትልቁን፣ ባለ አራት ክንፉን ስናስር ክብደቱ የሞተሩን ጉልበት ይበላና መኪናዋ ታዘግማለች። ትንሹን፣ ባለ ሁለት ክንፉን ስናስር ትበራለች፤ ግን ዳገቱን ሳታጋምስ ውሃው ይፈላል። በፈላች ቁጥር ስድስት ቆርቆሮ ውሃ እናፈስባታለን። ስድስት ቆርቆሮ ስንት ኩባያ እንደሚወጣው አላሰላሁም።

የትኛውን እንደማስር ጋርዜሊ ምርጫውን ለእኔ ትቶልኛል። ውሃው ሳይፈላ አስመራ ከገባን የይለፍ ወረቀት አውጥቶልኝ አገሬ እገባለሁ። ከፈላ ወደ ደሴቷ እመለሳለሁ። ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም፤ ጢሙን እየተላጨ ነው የነገረኝ።

አሁን ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጅ ሳለሁ ከእርስዎ ተደብቄ ከቀጥቃጩ ከፈንታ ቤት እየሄድሁ ብረት ሲሠራ አይ ነበር። አንድ ክረምት ወናፉ ነፋስ አልሰጥ ብሎት፣ ፍሙ አልቀላ ብሎት ተቸገረ። ከዚያ በወናፉ ላይ አንድ ነገር አደረገና በዚያችው በትንሽ ወናፍ ትልቅ ማረሻ አጋለ። ምን እንዳደረገ ረስቼዋለሁ፤ የተኛሁ እንደሆነ እጁን አየዋለሁ፣ የሚሠራውን ግን አላየውም። የእኔም ችግር ያው ነው፤ ትንሽ ነፋስ እንዴት እንደሚበቃ ማወቅ። ሌላ ጋራዥ ሄጄ እንዳልጠይቅ ተፎካካሪ ያያል ብሎ ጋርዜሊ ከልክሎኛል።

እባክዎ ፈንታን ይጠይቁልኝ። የእርሱን ቃል ብቻ ይጻፉልኝ፤ የራስዎን አይጨምሩበት።

ደብዳቤውን የጨው ነጋዴው ታረቀኝ ያደርስልዎታል። በሰላም ያገናኘን።

ልጅዎ እንዳላማው


አምበር፣ ኅዳር 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለእንዳላማው፣ ከሙታን ተለይቶ ለተነሣው፤

የአባቶቻችን አምላክ ከባሕር እንዳወጣህ ከዳገቱም ያውጣህ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን፤ በአንተ የተነሣ ከሞተው በሬ በቀር።

ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርህ። ሞቷል ብለው ከደብረ ማርቆስ ሰው ስለላኩብን ሰኔ ላይ ተዝካርህን አወጣን። እናትህ ጠጉሯን ተላጨች። አልቃሿ እንዲህ ያለ ጀግና፣ እንዲህ ያለ መልከ መልካም ስትልህ እኔ ሌላ ሰው ነው የሚቀበረው ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ቄሶቹ በልተው ጠጥተው ነፍስህን አሰናብተዋታል። አሁን አለሁ ብለህ ስትጽፍ ምን እናድርግ? ሥጋው ተበልቷል። ስትመጣ በሬ ይዘህ ና።

ደብዳቤህን ለእናትህ ሳነብላት መሬት ላይ ተቀመጠች። ደጋግሜ አነበብሁላት። ሦስተኛውን ጊዜ ስሟን ጨምሬ፣ «ለእናቴ ለየብርጓል ማር ሰፍሬ እልካለሁ» ብዬ አነበብሁ። አንተ አልጻፍኸውም፤ እርሷ ግን እስካሁን ማሩን ትጠብቃለች።

አሁን ወደ ጉዳይህ። ከሞት ተነሥተህ ቀጥቃጭ ሆንህ ማለት ነው? ሞተር የምትለው ብረት አይደለም? ደብረ ወርቅ ያጨንልህ የጥሩብርሃን አባት ይህን ቢሰማ ልጁን ለመነኩሴ ይሻለኛል ይላል። አባትህ ገበሬ፣ እኔ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት የተራብሁ ሰው፣ አንተ ደግሞ ብረት ትነፋለህ። ፈንታ ጅብ ይሆናል የሚሉትን እኔ አላምንም። ይሁን እንጂ ከቤቱ አልገባም። ከእርሱ ቤት የበላ ሰው ከእኛ ማኅበር ጽዋ እንደማይጠጣ ታውቃለህ፤ ስልሳ ዓመት የጠጣሁበትን ጽዋ ስለ ጣሊያን መኪና ልተው?

ነፋስ ከሆነ የቸገረህ ለምን እኔን አትጠይቅም? አውድማ ላይ ቆሜ በመንሽ ገብስ ሳዘራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከነፋስ ጋር የተጣላሁት ከሚስቴ ጋር ከተጣላሁት ይበልጣል። ዘንድሮ እንኳ አውድማው ቀለል ብሏል። የጎረቤታችን የአንሙት ክምር ወታደሮች ባለፉ ዕለት በገዛ እጁ ተቃጠለ። በገዛ እጁ ብዬ መጻፌ ይሻለኛል። አንሙት፣ «አያ ሙላት፣ ዘንድሮ ከውቂያ ተገላገልሁ» ብሎኝ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሲስቅ አላየሁትም። ይህን የምታነብ አስተርጓሚ፣ አንተም አያት ካለህ ሰላም በልልኝ።

ለእኔ መነጽር ላክልኝ፤ መስመሩ እየሸሸኝ ነው። ፈንታን ውቂያው ሲያልቅ በመንገድ ካገኘሁት አናግረዋለሁ።

ዕድሜህን ያርዝመው፤ ተዝካር ሁለተኛ አንችልም።

አያትህ ሙላት


አስመራ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያቴ ለአያ ሙላት፤

ጤና ይስጥልኝ። በግራ እጄ ስለምጽፍ በፊደሌ አይሳቁ።

ተዝካሬን ስላወጣችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሬው የትኛው ነበር? ቦራው ከሆነ አዝናለሁ፤ እጄን ያውቀው ነበር።

ማክሰኞ ለሙከራ ወጣን። ትንሹን ቬንትሌተር አስሬ ነበር። ከዳገቱ ግማሽ ሳንደርስ ፈላች። ሲኞር ጋርዜሊ መኪናዋን አቁሞ ቀኝ እጄን ያዘና መዳፌን ራዲያተሩ ላይ አስቀመጠው። «ስንት ዲግሪ ነው?» አለኝ። መልሱን እስክነግረው እጄን አልለቅም አለ። እኔ ደግሞ ቁጥሩን በጣሊያንኛ አላውቀውም። በኋላ በአማርኛ መቁጠር ጀመርሁ፤ አርባ ስል ሳቀና ለቀቀኝ። አሁን በጨርቅ ታስሯል፤ ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ።

በማግስቱ ትልቁን አስሬ ወጣን። አልፈላችም። ግን የጥርስ ሐኪሙ መኪና ጥሩምባ እየነፋች አለፈችን። ጋርዜሊ፣ «ቀዝቅዞ መሸነፍም ደሴት ነው» አለኝ።

አያቴ፣ ቀልድዎን እወዳለሁ። ደሴቷ ላይ ሳለን እርስዎ ስለ ቄሰ ገበዙ በቅሎ የተናገሩትን እየነገርሁ ሰዎቹን አስቃቸው ነበር። ከሳቁት ሁለቱ እየሳቁ ሳሉ ውሃ ለመኑኝ፤ አልነበረኝም። አሁን ግን እባክዎ አይቀልዱብኝ። የቀረኝ ስምንት ሳምንት ነው፤ ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ ይኸው ያልቃል። መንገድ ላይ እስኪያገኙት አይጠብቁ፤ ከቤቱ ይሂዱ። ያን ክረምት በወናፉ ላይ ምን እንዳደረገ ይጠይቁልኝ። ሳይገቡ የማይነግርዎ ከሆነ ይግቡ። ብሉ ካለዎት ይብሉ።

መነጽሩን ፈልጌ አገኛለሁ። ለእናቴ ማሩን እንደምልክ ይንገሯት።

ልጅዎ እንዳላማው


አምበር፣ ጥር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለእንዳላማው፤

ያቃጠለህን እጅ እግዚአብሔር ይመልከተው፤ የአንተን እጅ ግን ቅቤ ቀባው። ጥምቀቱ በሰላም ዋለ። ቦራው ነበር።

ደስ ይበልህ፤ ሄድሁልህ። ቁጭ በልና አንብበው።

ከፈንታ ደጅ ስደርስ ማጭድ እየሞረደ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና፣ «አያ ሙላት፣ ቤት ተሳሳቱ እንዴ?» አለኝ።

«አልተሳሳትሁም፤ ልጃችን በነፋስ ተቸግሮ ነው» አልሁት።

«የቱ ልጅ?»

«ተዝካሩ የወጣው።»

«ሙታንም ነፋስ ይሻሉ?» አለና ወፍራም ሳቁን ሳቀ። ገባሁ። ንፍሮ አቀረበልኝ፤ በላሁ። ጨው በዝቶበታል። ለማኅበርተኞቼ እንዳትጽፍብኝ እንጂ በላሁ።

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁት፤ ራዲያተሩን ወንፊት፣ ቬንትሌተሩን መንሽ ብዬ አስረዳሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ከዚያ ምን አለ መሰለህ? «አያ ሙላት፣ ነፋስ ብቻውን ሰነፍ ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያዘራ አላዩም? ያን ክረምት ያደረግሁት ይኸው ነው፤ ሌላ ትንሽ ወናፍ ጨምሬ ሁለቱን ፊት ለፊት አደረግኋቸው። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል። ልጁም እንዲህ ያድርግ።»

እንግዲህ ትልቁን ጣለው። ትንሹን ሁለት አድርገው፤ አንዱን ከራዲያተሩ ፊት፣ አንዱን ከኋላው። ፈንታ አንድ ጊዜ ሲናገር እንደማይደግም ታውቃለህ፤ እኔም አልደግምም።

መነጽሩን ብትልከው ባትልከው ግድ የለኝም። አንተ ና። እናትህ ጠጉሯ በቅሎ ጆሮዋን ሸፍኗል።

አያትህ ሙላት


አስመራ፣ የካቲት 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያቴ ለአያ ሙላት፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ያክብርልኝ፣ ከልጅ ልጅ ያድርስዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳልቀመጥ ሠራሁ።

ፈንታ እንዳለው አደረግሁ። ሁለተኛውን ትንሽ ቬንትሌተር ራሴ ከላሜራ ቆርጬ ሠራሁት፤ ከራዲያተሩ ፊት እንዲዞር ረጅም ዘንግ አበጀሁለት፤ ሁለቱንም ቺንጋ በሚሉት ጠፍር ከሞተሩ ጋር አገናኘኋቸው። መጀመሪያ ስሰማው ፊት ለፊት መሆኑ ትንሽ ግር ብሎኝ ነበር። እኔ የማስታውሰው አንድ ወናፍ ነው፤ ሁለት ወናፍ አይቼ አላውቅም። ግን ልጅ ነበርሁ፤ የፈንታን ቃል ከራሴ ትዝታ አብልጬ ይዤዋለሁ።

ሜዳው ላይ ሞከርናት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትዞር ቆየች፤ ራዲያተሩን በተቃጠለው እጄ ነካሁት፤ እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። ጋርዜሊ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ከኪሱ ሲጋራ ሰጠኝ። እንደማላጨስ እያወቀ ነው፤ ቢሆንም ተቀበልሁ። ዳገቱን እንሞክራት ብዬው ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙ ሰዎች መንገድ ላይ ስላሉ ያዩብናል ብሎ እንቢ አለ። የይለፍ ወረቀቴን አስጽፎ ከመሳቢያው አስቀምጧል፤ ስሜን በእነርሱ ፊደል አሳየኝ። የቀረው ፊርማ ነው።

በታረቀኝ እጅ መነጽርዎን ልኬአለሁ። ለፈንታ ደግሞ አዲስ ሞረድ አለበት፤ በአጥር ላይ አይወርውሩለት፣ በእጁ ይስጡልኝ። እርስዎም ስለ እኔ ከቤቱ ገብተው ስለበሉልኝ ምን እንደምልዎ አላውቅም። ምን ያህል እንደከበደዎት ይገባኛል። አገሬ ስገባ እግርዎን አጥባለሁ።

ልጅዎ እንዳላማው


ከባሕሩ ዳር፣ የካቲት 27 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለአያቴ ለአያ ሙላት፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ይድረስዎ። ጀልባዋ እስክትመጣ የሚጠብቀን ወታደር ወረቀት ፈቅዶልኛል፤ ዘለግ አድርጌ ልጽፍ አልችልም።

ፈላች።

ስንነሣ ሁሉን ቀድመን ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ውሃው ይሞቅ ጀመር። መኪና ሲሮጥ ነፋሱ በራሱ ከፊት ይመጣል፤ የፊተኛው ቬንትሌተር ግን ልክ እንደ ዘበኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያን ነፋስ ከለከለው። ሁለቱ ክንፎች የሞተሩንም ጉልበት ተካፈሉት። ይህን ያወቅሁት እዚያው ተቀምጬ፣ ጭሱ ከኮፈኑ ሲወጣ ሳይ ነው። መውረድና የፊተኛውን መፍታት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ቁም» ብዬ ለመንሁት፤ የጥርስ ሐኪሙ ከኋላ እየመጣ ስለሆነ አልቆምም አለ። ከትንሽ በኋላ የራዲያተሩ ክዳን ተፈንቅሎ ሰማይ ወጣ፤ መኪናዋም በራሷ ቆመች።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ወይን ሻጩም መንገድ ላይ ቀርቶ ኖሮ ተገናኙ፤ ተቃቀፉና ሳቁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠጡ። ለመጪው ዓመት ምን ዓይነት ሞተር እንደሚሻል ተጨዋወቱ። ለእርሱ የእሑድ ጨዋታ ነው፤ ሌላ እሑድ አለው። ሲነሣ ለወታደሮቹ እንደ ተራ ነገር በአገጩ እኔን አሳያቸው። ወረቀቴ ከመሳቢያው ውስጥ አለች፤ ለሌላ ሰው አትጠቅምም ብሎ ሳይቀድዳት አይቀርም።

አያቴ፣ አንድ ልመና አለኝ። ፈንታ ይህን እንዳይሰማ። የነገረን ቀና ልቡ ያለውን ነው፤ መኪና አይቶ አያውቅም፤ ምድጃ ላይ የሠራው ነገር በሚሮጥ መኪና ላይ እንደማይሠራ ከየት ያውቃል? ሰውን ሁሉ የሚፈራ፣ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ሽማግሌ ነው፤ በእኔ ምክንያት ሰው ሞተ ብሎ እንዳይኖር። ከቤቱ ይሂዱና አሸነፍን ይበሉት። እጁን ጨብጠው ይንገሩት።

ለእናቴ የሚሏትን እርስዎ ያውቃሉ።

እንዳላማው


አምበር፣ መጋቢት 25 ቀን 1931 ዓ.ም.

እንዳላማው፤

ሰሙነ ሕማማት ነውና ሰላምታ አልጽፍም። ባይሆንም አልጽፍም ነበር።

ደብዳቤህ በደረሰኝ በማግስቱ ሞረዱን ይዤ ከፈንታ ቤት ሄድሁ። እንዳልኸኝ እጄን ዘረጋሁ። የዘረጋሁትን እጅ ረጅም ጊዜ አየው፤ የራሱን በልብሱ ጠረገና ጨበጠኝ። እጁ እንደማንኛውም ሰው እጅ ነው።

«አሸነፍን» አልሁት።

«ምኑን?»

«እንዳላማው። የመኪናውን ነገር። አንተ በነገርኸን አሸነፈ።»

«አያ ሙላት፣ እኔ ምን ነገርሁዎ?» አለኝ።

ሞረዱን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርሁት።

እንግዲህ እንዲህ ነበር። ሁለተኛው ደብዳቤህ በደረሰኝ ጊዜ ከፈንታ አጥር ድረስ ሄጃለሁ። ይህ እውነት ነው። «ልጃችን ወናፉን ያን ክረምት ምን አድርገኸው እንደነበር ይጠይቅሃል» አልሁት፤ ይህም እውነት ነው። እርሱም፣ «ቆሞ የሚነገር አይደለም፤ ይግቡና ላሳይዎ። ንፍሮም ይቅመሱ» አለኝ። በዚያ ጊዜ የማኅበራችን አለቃ፣ ሙሴው አይናዲስ፣ ከገበያ ሲመለስ በመንገዱ አለፈና፣ «አያ ሙላት፣ ከዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ። «መንገድ ስቼ ነው» አልሁት። ከእርሱ ጋር እየተጨዋወትን ተመለስሁ። ፈንታ በሩን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ቤቴ ገብቼ ከራሴ ጻፍሁልህ። ሁለቱ ወናፍ የእኔ ነው። ፊት ለፊት መሆኑም የእኔ ነው፤ ከአውድማ ያመጣሁት ነው። የፈንታን ሳቅ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንም አልደብቅህ። ጥሩ አድርጌ ጻፍሁት ብዬ ለእናትህ ደግሜ አነበብሁላት።

አሁን ለፈንታ ሁሉን ነገርሁት። አልጮኸብኝም። «ይግቡ» አለኝ፤ ገባሁ። አንዲት ትንሽ ወናፍ አለች፤ ያችው ናት፤ ሁለተኛ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። በወናፏ አፍና በምድጃው መካከል ክፍተት ነበረ። ነፋሱ በዚያ ክፍተት በጎን እየሾለከ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ፈንታ ያን ክረምት ያደረገው ዙሪያውን በጭቃ ቀለበት መዝጋት ብቻ ነው። እጁን አዙሮ አሳየኝ። «ነፋሱ አላነሰም ነበር፤ ይጠፋ ነበር እንጂ» አለ። የአንተን ስነግረው ወዲያው ገባው። ትንሹን አንዱን ብቻ ከኋላ ይተውና፣ ከራዲያተሩ እስከ ክንፎቹ ጫፍ ዙሪያውን በላሜራ ቀለበት ይዝጋው፤ ያን ጊዜ የሚስበው ነፋስ ሁሉ በወንፊቱ ያልፋል እንጂ በጎን አይዞርም።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም።

«ላሜራ ካለው ግማሽ ቀን» አለኝ።

ከዚያ ሞረዱን በእጁ ሰጠሁት። ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ጥሩ ብረት ነው አለ። ተቀምጬ ቆየሁ። ምንም አላቀረበልኝም። መቼም እኔ ነኝና፣ «ንፍሮህ አለቀ?» አልሁት።

«አለ» አለ። «ግን አያ ሙላት፣ አሁን ቢበሉት ለማን ይጠቅማል?»

ተነሥቼ ወጣሁ። ስወጣ ያየኝ ሰው አለ፤ ለጊዮርጊስ ማኅበር ስንቀመጥ ጽዋው እኔን ዘሎ ወደ አንሙት አለፈ። አልተናደድሁም። አንሙት ዓይኔን እንዳያይ ጽዋውን ከፊቱ ሳያወርድ ጠጣ።

እናትህን አሸንፏል አልኋት። እልል ብላ ጎረቤት ጠራች። ቤት እየጠረገች፣ የት እንደምታስተኛህ እየመረጠች ነው። ይህን ስጽፍ መጥረጊያዋ ይሰማኛል።

ይህ ደብዳቤ ደሴቷ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ታረቀኝ ከባሕሩ ዳር አላልፍም ብሏል። ቢደርስህ ግን፣ ጥማቱ ሲጸናብህ የምትረግመው ሰው ትፈልጋለህና ፈንታን እንዳትረግም። እኔንም ሙላት ብለህ ብትረግመኝ አይደርሰኝም፤ ሙላት እናቴ ያወጣችልኝ ነው። ጸሎትም እርግማንም የሚያገኘን በክርስትና ስማችን ነው። የእኔን ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም፤ እናትህም አታውቀው። ሰው እንዳያስጠነቁልብኝ ብዬ ሰባ አምስት ዓመት ደብቄዋለሁ። ለአንተ ጽፌልሃለሁ፤ ከታች አለልህ።

ወልደ ሩፋኤል